ባቡሩ ከቆመ በኋላ፤ የድሬዳዋ ነዋሪዎች ስለ ምድር ባቡር ከተማቸው ያላቸው ስሜት

አንድ ታላቅ የሥራ ድርጅት የመሠረተው ከተማ ሥራው በተቋረጠ ጊዜ ምን ይሆናል? የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ይህን ጥያቄ በቍጥር ይመልሱታል፤ ስንት ሰው ከሥራው እንደ ወጣ፣ ስንት ሱቅ እንደ ተዘጋ፣ ስንት ቤተ ሰብ ወደ ሌላ አገር እንደ ሄደ ይዘረዝራሉ። የሕዝብን ኑሮና ልማድ የሚመረምር ሰው ግን ከዚህ አልፎ መጠየቅ ይገባዋል። ሥራው ሄዶ ሰዎቹ በቀሩ ጊዜ፣ የቀሩት ሰዎች ያን ሥፍራ እንዴት ያዩታል? ይወዱታል ወይስ ይመረሩበታል? ወይስ ሁለቱም ስሜት ባንድ ሰው ልብ ውስጥ አብሮ ይኖራል?

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሁለት መልስ ይሰጣል። አንደኛው፣ ሰዎቹ ያለፈውን ዘመን እያሰቡ በትዝታ ይኖራሉ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የቀሩት መሄጃ ስለሌላቸው ነው እንጂ ሥፍራውን ወደውት አይደለም የሚል ነው። ሁለቱም መልስ ከፊል እውነት ቢኖርበትም ነገሩን አይጨርሰውም። በዚህ ጽሑፍ የድሬዳዋን ከተማ ምሳሌ አድርገን እንደምናስረዳው፣ ነዋሪዎቹ ስለ ባቡሩ ሲያነሡ የሚያስቡት ስለ ብረቱና ስለ ፉርጎው ብቻ አይደለም፤ በባቡሩ ዙሪያ ተሠርቶ ስለነበረው የኑሮ ሥርዐት ነው። ስለዚህም ትዝታቸው ካለፈው ይልቅ ስለ ዛሬው ኑሯቸው የሚናገር ነገር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የአገራችን ነገር በኢትዮጵያ ዘመን አቈጣጠር፣ የውጭ አገሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. ተብሎ ተለይቶ ተጽፏል። ስለ ነዋሪዎች ስሜት የሚነገረውም ከአነጋገራቸው፣ ከአኗኗራቸውና በአደባባይ ከሚታየው ነገር የተወሰደ ማብራሪያ ነው እንጂ በቍጥር የተመዘነ ጥናት አይደለም።

የጥያቄው ክብደት

ጥያቄው የስሜት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ከሌላ አገር እንጥቀስ። በሰሜን እንግሊዝ የዱራም አውራጃ በድንጋይ ከሰል ቍፋሮ የቆሙ ብዙ መንደሮች ነበሩበት። የአውራጃው አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው የልማት ዕቅድ መንደሮቹን በአራት ማዕርግ ከፈላቸው፤ ከነዚያም 114 የሚሆኑት በመጨረሻው ማዕርግ ተመደቡ። የዚህ ማዕርግ ትርጕም፣ የቍፋሮው ሥራ ስላለቀ ወይም ስለሚያልቅ ለነዚህ መንደሮች ከእንግዲህ ከፍ ያለ ገንዘብ አይወጣም፤ ቤቶቹም ባረጁ ጊዜ ይፈርሳሉ እንጂ በሌላ አይተኩም ማለት ነበር። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች አሳብ ግልጽ ነበር፤ መንደሩን የወለደው ሥራ ነው፤ ሥራው ከሞተ መንደሩም መሞት አለበት የሚል ነው።

ነዋሪዎቹ ግን ይህን አልተቀበሉም። ዊተን ፓርክ በምትባለው መንደር የነበረው የብረት ማቅለጫ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1884 ነበር፤ ዕቅዱ በወጣ ጊዜ ግን ከ67 ዓመት በኋላ ሰዎች ገና እዚያው ይኖሩ ነበር። በየመንደሩ ሕዝቡ ተሰብስቦ ተከራከረ፤ አንዳንድ ቤት ቢፈርስም ዕቅዱ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1977 ተተወ። ከብዙ ጊዜ በኋላም አሊስ ማ የተባለችው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ በዚያው በሰሜን እንግሊዝ በኒውካስል ከተማ ዎከር በተባለው የቀድሞ የመርከብ ሠሪዎች ሰፈር ያደረገችውን ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2012 በመጽሐፍ አሳትማለች። ያገኘችውም ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ ነዋሪዎቹ ሰፈራቸው መጐዳቱንም፣ ቤታቸው መሆኑንም ባንድ ትንፋሽ ይናገራሉ፤ አንዱ ስሜት ሌላውን አያጠፋውም።

ከዚህ የምንማረው የሥራው ዕድሜና የሰፈሩ ዕድሜ አንድ አለመሆኑን ነው። ይህን የማያውቅ አስተዳዳሪ በወረቀት ላይ የሞተ አድርጎ የጻፈው ሰፈር በሕይወት ያለ ሆኖ ያገኘዋል። በአገራችንም ከሁሉ ይልቅ ይህን ጥያቄ የምታስነሣው ከተማ ከመጀመሪያው ለባቡር ተብላ የተቈረቈረችው ድሬዳዋ ናት።

የከተማይቱ አመሠራረት

ዐፄ ምኒልክ የምድር ባቡር እንዲሠራ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው አሳብ ሐዲዱ ወደ ሐረር እንዲወጣ ነበር። ነገር ግን ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ባቡሩን በዚያ ገደል ማውጣት እጅግ ብዙ ገንዘብና ድካም የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሐዲዱ ተራራውን ትቶ ከሥሩ ባለው ሞቃት ሜዳ እንዲያልፍ ተወሰነ፤ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ከምትባለው ሥፍራ ደረሰ። ይህች አዲስ ከተማ በመጀመሪያ የተሰጣት ስም «አዲስ ሐረር» የሚል ነበር። ስሙ ባይጸናም፣ ከተማይቱ ለባቡሩ ሲባል በሐረር ፈንታ የተተከለች መሆኗን ያስረዳል።

የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ ችግር ወድቆ ሥራው ለጊዜው ስለ ተቋረጠ፣ ድሬዳዋ ለብዙ ዓመታት የሐዲዱ መጨረሻ ሆና ቈየች። ከጅቡቲ የመጣው ዕቃ እዚያ ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ላይ ይጫን ነበር። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ቡናና ቆዳም እዚያ ደርሶ ከእንስሳ ጀርባ ወደ ፉርጎ ይሻገር ነበር። ኋላ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ቀጠለ፤ ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የነበረው መንገድ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱም ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ድሬዳዋ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በመንገዱ አጋማሽ አቅራቢያ ስለምትገኝ፣ ዋናው የጥገና ወርክሾፕ በርሷ ሆነ።

የከተማይቱም መልክ ይህንኑ የሥራ አከፋፈል ተከተለ። የኩባንያው መሐንዲሶች በጣቢያው ዙሪያ ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶች አውጥተው፣ በየዳሩ ጥላ የሚሰጡ ዛፎች ተክለው ከዚራ የሚባለውን ሰፈር ሠሩ። ከአሸዋማው የደቻቱ ወንዝ ማዶ ደግሞ የነጋዴውና የአገሬው ሰፈር መጋላ አደገ። ደቻቱ በበጋ ሰዎች በእግር የሚሻገሩት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ዝናብ በተራራው ላይ በዘነበ ጊዜ ግን በድንገት ይሞላል። ስለዚህ ይህ ወንዝ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከተማይቱን በሁለት ዐይነት ኑሮ የሚከፍል ድንበርም፣ ሰዎች በየቀኑ የሚሻገሩት መንገድም ነበር።

ባቡሩ የኑሮ ሥርዐት ስለ መሆኑ

አንድ ሥራ ደመወዝ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ በተቋረጠ ጊዜ የሚያጐድለው ደመወዝ ብቻ ነው። የባቡሩ ሥራ ግን ለድሬዳዋ ሰው ከደመወዝ በላይ ሦስት ነገሮችን ሰጥቶት ነበር፤ ጊዜን፣ ሙያንና መተዋወቅን።

ስለ ጊዜ የሆነ እንደሆነ፣ ድሬዳዋ ቆላ ስለሆነች ሥራ በማለዳ ይጀመራል፤ በቀትር ሁሉም ወደ ቤቱ ገብቶ ያርፋል፤ ሙቀቱ ሲበርድ ከተማው እንደገና ይነቃል። ይህ የአየሩ ጠባይ ያመጣው ልማድ ነው። ባቡሩ ግን በዚህ ላይ የራሱን ሰዓት ጨመረ። ባቡር በሚደርስበትና በሚነሣበት ጊዜ የሻጩ፣ የተሸካሚው፣ የጋሪ ነጂው፣ የቡና አፍዪዋና የቤት አከራዩ ሥራ አብሮ ይነሣ ነበር። ከኩባንያው አንድ ሳንቲም ደመወዝ የማይቀበል ሰው እንኳ ቀኑን የሚያከፋፍለው በባቡሩ ጡሩምባ ነበር።

ስለ ሙያ የሆነ እንደሆነ፣ በወርክሾፑ ውስጥ ብረት ይቀልጣል፤ በቶርኖ ይቀረጻል፤ ይበየዳል፤ የፉርጎውም እንጨት ይጠረባል። ሎኮሞቲቮቹ በመጀመሪያ በእንፋሎት ኋላም በናፍጣ የሚሠሩ ነበሩ። እያረጁ በሄዱ ቍጥር መለዋወጫቸው ከውጭ መምጣቱ ስለሚዘገይ ወይም ፈጽሞ ስለማይገኝ፣ ሠራተኞቹ የተሰበረውን ዕቃ አስመስለው በገዛ እጃቸው መሥራት ግድ ሆነባቸው። እንዲህ ያለ ሙያ በትምህርት ቤት መጽሐፍ አይገኝም፤ ከባለሙያው አጠገብ ለብዙ ዓመት ቆሞ በማየት ብቻ ይወረሳል። የሥራውም ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለ ነበረ፣ በቤቱ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የሚናገር ሠራተኛ የብረቱን፣ የዕቃውንና የትእዛዙን ስም በፈረንሳይኛ ይጠራ ነበር። የምድር ባቡሩ ቋንቋ በአገራችን ንግግር ላይ ምን ያህል እንደ ተተከለ ለማወቅ የአዲስ አበባውን «ለገሃር» ማስታወስ ይበቃል፤ ቃሉ በፈረንሳይኛ ጣቢያ ማለት ሲሆን ዛሬ የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል።

ስለ መተዋወቅ የሆነ እንደሆነ፣ ሥራው ከየአገሩ ሰው ሰበሰበ። በአካባቢው ከሚኖሩት ከኦሮሞውና ከሶማሌው ሌላ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ከውጭም የመናዊው፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ ጣልያኑና ፈረንሳዊው ባንድ ከተማ ተገናኙ። በድሬዳዋ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ ሶማልኛ መሻገር የተለመደ ነገር ነው፤ ተናጋሪው እንደ ተሻገረም ልብ አይለውም። ይህን ባቡሩ ብቻውን አላመጣውም፤ ገበያው አብሮ አምጥቶታል። ነገር ግን ሰዎቹ ባንድነት የቆሙበት ሥፍራ ጣቢያው፣ ወርክሾፑና የቀፊራ ገበያ ስለ ነበሩ፣ ነዋሪው ስለ መስማማት ሲያወራ ስለ ባቡሩ ዘመን ማውራቱ አያስደንቅም።

ሥራው የደከመበት መንገድ

የነዋሪዎቹን ስሜት ለመረዳት ሥራው በአንድ ቀን እንዳልተዘጋ ማወቅ ያስፈልጋል። የአሰብ ወደብና መንገድ ከተስፋፋ ጀምሮ የጭነት መኪና ከባቡሩ ጋር መወዳደር ጀመረ። በ1969 ዓ.ም. በተነሣው የሶማልያ ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው መንገዱ ተቋረጠ፤ ድሬዳዋ ራሷም በነሐሴ ወር ተወግታ ነበር። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ወደ ገደል በመውደቁ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በኤርትራ ጦርነት ምክንያት የአገሪቱ ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ቢዞርም፣ ያረጀው ባቡር ሊሸከመው ስላልቻለ ትርፉ ለመኪና ሆነ። በመጨረሻም ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ጕዞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ባለው በኩል ግን ከዚያ በኋላ አንዳንድ ጊዜ እየተነሣ አንዳንድ ጊዜ እየቆመ ጥቂት ተጓዘ።

ይህ አደካከም በሰው ስሜት ላይ ያደረሰው ነገር አለ። በአገራችን ልማድ ሰው በሞተ ጊዜ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ያለቅሳል፤ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ቀብሩ ይፈጸማል፤ ተስካሩ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሐዘንተኛው ወደ ሥራው ይመለሳል። ሐዘን ወሰን የሚያገኘው በዚህ ሥርዐት ነው። ለባቡሩ ግን ይህን ያህል ቀን ሥራው አበቃ ብሎ የነገረ ማንም አልነበረም። ጕዞው ይቋረጣል፤ ይጠገናል ይባላል፤ ተስፋ ይሰጣል፤ እንደገና ይቋረጣል። ሠራተኛው ሥራውን ያጣው እየጠበቀ ነው። ስለዚህ በድሬዳዋ የምናየው ስሜት የሐዘን ብቻ አይደለም፤ ለቅሶ ያልተቀመጡለት ሞት የሚያሳድረው፣ በተስፋና በሐዘን መካከል የሚዋልል ስሜት ነው።

የተለያዩ ሰዎች፣ የተለያየ ስሜት

የከተማው ሕዝብ ስሜት አንድ ነው ብሎ መጻፍ ስሕተት ይሆናል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ 341,834 ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ከባቡሩ ደመወዝ የሚቀበለው ከመጀመሪያውም ጥቂት ነበር። ስለዚህ ቢያንስ አራት ዐይነት ሰዎችን መለየት ይገባል።

የመጀመሪያዎቹ የወርክሾፑ ሰዎችና ቤተ ሰቦቻቸው ናቸው። ባቡሩ ከቆመ በኋላ እንኳ ከነርሱ አንዳንዶቹ ወደ ወርክሾፑ እየሄዱ መሣሪያውን ሲጠብቁና ሲያጸዱ፣ ሊጐበኝ የመጣውን እንግዳ በፈረንሳይኛ ሲያስረዱ ታይተዋል። ይህን ሥራ ጥቅም የሌለው ልማድ አድርጎ የሚያየው ሰው ነገሩን አልተረዳውም። ባለሙያ ክብሩን የሚያገኘው ሥራውን ከሚያውቅ ምስክር ነው። የእርሻ ሙያ ያለው ሰው ከአገሩ ቢወጣ ሌላ መሬት ያገኝ ይሆናል፤ የአንድ ሜትር ሐዲድ ሎኮሞቲቭ መጠገን የሚያውቅ ሰው ግን ያ ሎኮሞቲቭ ከቆመ ሙያውን የሚያሳይበት ሌላ ሥፍራ የለውም። ስለዚህ መሣሪያውን እየወለወለ የሚጠብቀው ሽማግሌ የሚጠብቀው የራሱን የሙያ ማስረጃ ነው። ስሜቱም ኩራትና ቅሬታ የተቀላቀለበት ነው፤ ኩራቱ በሠራው፣ ቅሬታውም ሥራው ሲቆም አሳቡን የጠየቀው ባለመኖሩ ነው።

ሁለተኛዎቹ በባቡሩ የነገዱ ሰዎች ናቸው፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። አሮጌው ባቡር ዝግ ብሎ ይሄድ ስለነበረና እንደ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ኤረርና አፍደም ባሉ ጣቢያዎች ይቆም ስለነበረ፣ ወተት፣ ፍራፍሬ፣ እንጀራና ሻይ የሚሸጥ ሁሉ ገበያው ወደ ደጁ ይመጣለት ነበር። ጥቂት ገንዘብ ያላት ሴት ደግሞ አንድ ጓዝ ሰልባጅ ወይም ጨርቅ ይዛ ከጅቡቲ ወገን በመምጣት ንግድ መጀመር ትችል ነበር። ይህ ንግድ አብዛኛው ቀረጥ ያልተከፈለበት ስለ ነበረ፣ ነጋዴይቱ ፊናንስ ፖሊስን እየፈራች፣ ዕቃዋን እየደበቀች፣ አንዳንድ ጊዜም እየተወረሰባት ትጓዝ ነበር። ስለዚህ የነዚህ ሰዎች ትዝታ አላጌጠም፤ እንጀራውንም ፍርሃቱንም አብሮ ያነሣል። የሚያዝኑት ስለ ኩባንያው ክብር አይደለም፤ ብዙ ገንዘብ ለሌለው ሰው ክፍት የነበረ በር ስለ ተዘጋ ነው። በመኪና የሚደረገው ንግድ ከዚያ የበለጠ መነሻ ገንዘብ ይጠይቃልና።

ሦስተኛዎቹ ሐዲዱ የመጣባቸው እንጂ እነርሱ ወደ ሐዲዱ ያልመጡ ሰዎች ናቸው። ለኢሳውና በአካባቢው ለሚኖረው ለሌላው አርብቶ አደር ሐዲዱ የግጦሽንና የውኃን መንገድ የሚያቋርጥ ባዕድ ነገር ሆኖ ስለ መጣ፣ ከግንባታው ጊዜ ጀምሮ ጠብ ነበረበት። ከጊዜ በኋላ ግን ጣቢያው የወተት ገበያ፣ ባቡሩም የዘመድ መገናኛ ሆነ። ስለዚህ በነርሱ ዘንድ ባቡሩ መቆሙ የከተማው ሰው እንደሚያዝንለት ያለ ጥፋት ብቻ ሆኖ አይታይም፤ ጠቀሜታውም ጕዳቱም ይመዘናል። ስለ ድሬዳዋ የባቡር ዘመን የሚጽፍ ሰው ይህን ወገን ከተወው፣ የከዚራን ትዝታ የአገሩ ሁሉ ትዝታ አድርጎ ያቀርባል።

አራተኛዎቹ ወጣቶቹ ናቸው። ባቡሩ በቆመ ጊዜ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ዐዋቂዎች ናቸው፤ ጡሩምባውን በጆሯቸው ያልሰሙም አሉ። ለነዚህ ባቡሩ የአባትና የአያት ወሬ ነው። የባቡር ከተማ ልጅ መባሉ ያኰራቸዋል፤ ነገር ግን ስሙን ወረሱ እንጂ ሥራውን አልወረሱም። አባቱ በማኅተምና በደመወዝ ደብተር የሚያረጋግጠውን የከተማ ልጅነት፣ ልጁ በአነጋገሩ፣ በጨዋታውና በሰፈሩ ስም ብቻ ማረጋገጥ አለበት። ስለዚህ በወጣቱ ዘንድ ሁለት ነገር ይታያል፤ በከተማው መኩራትና የሽማግሌዎቹ ወሬ መደጋገም የሚያመጣው መሰልቸት።

አዲሱ ባቡር

የድሬዳዋ ነገር ከሌሎቹ የቀድሞ የሥራ ከተሞች የሚለይበት አንድ ምክንያት አለ። በዱራም የከሰሉ ጉድጓድ ተዘግቶ ቀረ፤ በድሬዳዋ ግን ባቡር እንደገና መጣ። በኤሌክትሪክ የሚሠራውና በቻይና ኩባንያዎች የተገነባው ሰፊ ሐዲድ ያለው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ። እንግዲህ ሰዎቹ የናፈቁት ባቡሩን ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ናፍቆታቸው በዚህ ቀን ማብቃት ነበረበት።

አላበቃም፤ ምክንያቱም ለማስረዳት አይከብድም። የአዲሱ ባቡር ጣቢያ የተሠራው ከከተማው ውጭ ነው። አሮጌው ጣቢያ በከዚራ መካከል ስለ ነበረ መንገዶቹ ሁሉ ወደርሱ ያመሩ ነበር፤ ወደ አዲሱ የሚሄደው ግን ጕዳይ ያለው ተጓዥ ብቻ ነው። አዲሱ ባቡር ፈጣን ነው፤ የሚቆምባቸውም ጣቢያዎች ጥቂት ናቸው። ፍጥነቱ ለጭነቱና ለተጓዡ ታላቅ ጥቅም ሲሆን፣ በየጣቢያው ሻይና ወተት ለሚሸጠው ሰው ግን ምንም አይተርፈውም። የድሮው ወርክሾፕ ሙያም ለአዲሱ ሎኮሞቲቭ አይሆንም። ስለዚህ ነዋሪው ስለ አዲሱ ባቡር ሲናገር በአገሩ ዕድገት ይደሰታል፤ ነገር ግን የኔ ብሎ አይጠራውም። አሮጌው ባቡር በከተማው ውስጥ ይኖር ነበር፤ አዲሱ በአጠገቡ ያልፋል። በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. የተመረቀው ነጻ የንግድ ቀጣናና የኢንዱስትሪ ፓርኩም ለወጣቱ ሌላ ዐይነት ሥራ ያመጡ ናቸው፤ ሥራ ማምጣትና የኑሮ ሥርዐት መሥራት ግን አንድ ነገር አለመሆኑን የአሮጌው ባቡር ታሪክ ያስተምራል።

ትዝታው ስለ ዛሬ መሆኑ

እንግዲህ የነዋሪውን ትዝታ እንደ ታሪክ ማስረጃ ብቻ የሚቀበለው ሰው ይሳሳታል። የኩባንያው ዘመን እኩልነት የሰፈነበት ዘመን አልነበረም። የከዚራ ጥላ ለሁሉ አልተዘረጋም፤ ከፍተኛው ሥልጣንና ደመወዝ ለረጅም ጊዜ በፈረንጆች እጅ ነበር፤ በመጋላ የሚኖረው ሰው ወደ ከዚራ የሚሻገረው ባብዛኛው ሊሠራ ወይም ሊሸጥ ነበር። ይህን ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ያውቁታል። ይሁን እንጂ ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ብዙ ጊዜ የሚያስቀድሙት፣ ሰው ከየት እንደ መጣ ሳይጠየቅ አብሮ መኖሩን ነው።

ይህ የሆነበት ምክንያት በዛሬው ኑሮ ውስጥ ይገኛል። ድሬዳዋ በ1996 ዓ.ም. ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት የሆነ የራሷ ቻርተር ያላት ከተማ ሆናለች፤ ከተማይቱ የማን ናት የሚለው ጥያቄ ግን በዚህ አልተቋጨም። በጥር ወር 2011 ዓ.ም. በከተማይቱ ሁከት ተነሥቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ባንድ ወርክሾፕ አብረን ሠራን የሚል ሽማግሌ ያለፈውን መተረኩ ብቻ አይደለም፤ ለዛሬው ሰው ምክር መስጠቱና በከተማይቱ የሁሉም ድርሻ እንዳለ መከራከሩ ነው። ትዝታው ከእውነቱ ይልቅ ያማረ ቢሆን እንኳ፣ ያማረበትን ምክንያት መመርመር የኛ ሥራ ነው።

የመቈየታቸውም ነገር እንዲሁ ነው። ደቻቱ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ሥራ የጠፋበትና ወንዝ የሚያጠፋው ከተማ ለምን አይተውም ብሎ ከሩቅ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል። ነገር ግን ሰው የሚኖረው በደመወዙ ብቻ አይደለም፤ በዕድሩ፣ በጎረቤቱ፣ በሚያበድረው ነጋዴ፣ ቋንቋውን ቀላቅሎ ሲናገር በሚረዳው ሰው መካከል ነው። ይህ ሁሉ በሥራው ዙሪያ ተሠርቶ ሥራው ከሄደ በኋላ የቀረ ሀብት ነው። ሌላ ከተማ የሚሄደው ሰው ሥራ ሊያገኝ ይችላል፤ ይህን ግን ይዞት አይሄድም።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ ለተመራማሪው ሦስት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የሥራ ከተማን ነዋሪዎች ስሜት የሚጠይቅ ሰው የደመወዝተኛውን፣ የነጋዴውን፣ የአርብቶ አደሩንና የወጣቱን መልስ ለየብቻ መስማት አለበት፤ የአንዱን መልስ ለሌላው አያውለው። ሁለተኛ፣ ስለ ድሮው ብቻ ሳይሆን ስለ ዛሬው መጠየቅ አለበት፤ ትዝታው የሚገለጠው ከዛሬው ችግር ጋር ሲታይ ነውና። ሦስተኛ፣ ሥራው አስቸኳይ ነው። በወርክሾፑ ይነገሩ የነበሩት የመሣሪያ ስሞች፣ ብረት የማቅለጥና የመቅረጽ ዘዴዎች፣ የጣቢያ ንግድ ልማዶችና የሴቶቹ የጕዞ ብልሃት ባብዛኛው ያሉት በሰዎች አእምሮ ነው፤ ባለሙያዎቹም ዕድሜያቸው ገፍቷል።

ለአስተዳዳሪውም የሚከተል ነገር አለ። አሮጌው ጣቢያ፣ ወርክሾፑና በውስጡ ያለው መሣሪያ በሚዛን ቢታይ የብረት ክምር ነው፤ ዋጋውም በኪሎ ይነገራል። ለነዋሪው ግን የአባቱ ሙያና የከተማው መነሻ የሚታይበት ሥፍራ ነው። ስለ ዕጣው የሚወስን ሰው ሒሳቡን ከመዝጋቱ በፊት እዚያ የሠሩትን፣ ከደጁም የነገዱትን ሰዎች ጠርቶ መጠየቅ አለበት። የዱራም አስተዳደር ሳይጠይቅ በወሰነው ነገር 26 ዓመት ተከራክሮ በመጨረሻ ዕቅዱን ትቷል። ሥራ ሲቆም ከተማን የሞተ አድርጎ መቍጠር ቀላል ነው፤ የሚኖሩበት ሰዎች ግን ይህን ቍጠር አይቀበሉትም፤ አለመቀበላቸውም ሊጠናና ሊከበር የሚገባው ነገር ነው።